ዶክተር ቻርልስ ድሩ፦ ከዲግሪው በኋላ የነበሩት ዓመታት

በዚህ መጽሔት ላይ በትምህርት ቤታችን ያለፈ የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ መጻፉ የተለመደ ነው። ዘንድሮ ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ማንን ልምረጥ ብዬ ብዙ አልተጨነቅኩም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ላብራቶሪ ውስጥ ስለሆነ ስለ ዶክተር ቻርልስ ሪቻርድ ድሩ ልጽፍ ወሰንኩ። ስማቸውን የማያውቅ መቼም የለም፤ ደም ባንክ ሲነሣ እሳቸው ይነሣሉ። እኔ ግን ብዙ የማይወራለትን የሕይወታቸውን ክፍል ነው የማጫውታችሁ። ኮሌጅ ጨርሰው ሐኪም፣ ሐኪም ሆነው ደግሞ ተመራማሪ እስኪሆኑ ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው፣ በሩን ማን እንደከፈተላቸውና እሳቸውም በተራቸው ለማን እንደከፈቱ ማለቴ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ድሩ የዚችው የዋሽንግተን ልጅ ናቸው። ጁን 3 ቀን 1904 ተወለዱ። አባታቸው ሪቻርድ ምንጣፍ አንጣፊ ነበሩ፤ እናታቸው ኖራ በመምህርነት የሠለጠኑ ናቸው። ቤተሰቡ የሚኖረው ፎጊ ቦተም በሚባለው ሰፈር ነበር። ሀብታም አይባሉም፤ ግን ልጆቻቸውን ለማስተማር የቆረጡ ሰዎች ነበሩ። ቻርልስ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው፤ ገና በልጅነታቸው ጋዜጣ እያዞሩ ይሸጡ ነበር። ደንበር በተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው በ1922 ጨረሱ። ደንበር በዚያ የዘር መለያየት ዘመን ለጥቁር ተማሪዎች ከነበሩት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ስመ ጥር ነበር። በመካከሉ በ1920 እህታቸው ኤልሲ ሞተችባቸው። ወደ ሕክምና እንዲያዘነብሉ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ይኼ ሐዘን ነው ይባላል።

ከዚያ ማሳቹሴትስ ወደሚገኘው አምኸርስት ኮሌጅ ሄዱ። የሄዱት በስፖርት ስኮላርሺፕ ነው፤ በእግር ኳስም (የአሜሪካኖቹን ማለቴ ነው) በሩጫም በጣም የታወቁ ነበሩ። በ1926 ተመረቁ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ዲግሪ አላቸው፣ ጎበዝ ናቸው፣ ሐኪም መሆን ይፈልጋሉ፤ ገንዘብ ግን የላቸውም። ስለዚህ ባልቲሞር ወርደው ሞርጋን ኮሌጅ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠሩ። ስፖርት ያሠለጥናሉ፣ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ያስተምራሉ፣ ከደመወዛቸውም እየቆጠቡ ያስቀምጣሉ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ሳነብ እኔም ፈገግ ብያለሁ። የሕክምና ትምህርት ሲያመለክቱ የእኛው ሃዋርድ አልቀበልም አላቸው። ምክንያቱ የእንግሊዝኛ ኮርስ ክሬዲት ጎደለ የሚል ነበር። ሃርቫርድ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ላሸጋግርህ አላቸው። እሳቸው ሌላ ዓመት መጠበቅ አልፈለጉምና ድንበር ተሻግረው ሞንትሪያል፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ዛሬ በሃዋርድ ግቢ ስማቸው በክብር የሚጠራው ሰው መጀመሪያ በሩ የተዘጋባቸው ነበሩ። ማመልከቻችሁ ተመልሶ የመጣባችሁ ልጆች ይኼን አትርሱት።

ማክጊል ለድሩ ተስማማቸው። በካናዳ ቀለሙ ፈጽሞ አይታይም ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ግን በትምህርታቸው መንገድ ላይ የቆመ ሰው አልነበረም። እዚያ ጆን ቢቲ የተባሉ እንግሊዛዊ መምህር አገኙ። ሁለቱም ስለ ደም ልገሳ ያላቸው ጉጉት አንድ ስለነበር ተግባቡ። በዚያ ዘመን ደም መስጠት ከባድ ሥራ ነበር። ደም የሚያስፈልገው በሽተኛ ሲመጣ ሰጪ ይፈለጋል፣ ዓይነቱ ይመረመራል፣ ከተገኘ ደሙ ወዲያው ይሰጣል። ሰጪው እስኪገኝ ታማሚው ይሞታል። ይኼ ጥያቄ ከድሩ ልብ ሳይወጣ ቀረ። በ1933 ከ137 ተማሪዎች ሁለተኛ ወጥተው ተመረቁ፤ ሁለት ዓመትም እዚያው ሞንትሪያል ሆስፒታሎች ውስጥ ሠሩ።

ከዚያ በላይ መሠልጠን ፈልገው ነበር፤ ግን የአሜሪካ ትልልቅ ሆስፒታሎች ጥቁር ሐኪም በሬዚደንትነት ለመቀበል ፈቃደኞች አልነበሩም። ነጭ ታካሚዎች በጥቁር እጅ መነካት አይወዱም የሚል ነበር ሰበቡ። በ1935 አባታቸው ሲሞቱ ወደ ዋሽንግተን ተመለሱና ሃዋርድ ውስጥ የፓቶሎጂ መምህር ሆነው ተቀጠሩ።

እዚህ ላይ አንድ የእኛን ነገር ላስታውሳችሁ። በዚያው በ1935 ከሃዋርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ከተመረቁት አንዱ ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። እሳቸው ጣሊያን አገራችንን ሊወር በተዘጋጀበት ሰዓት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ፤ በኋላም ኒውዮርክ መጥተው የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። አንዱ ሲወጡ ሌላው ገቡ ማለት ነው። የኢትዮጵያውያን እግር በዚያ ግቢ የቆየ መሆኑን ለማሳየት ያህል ነው ያነሣሁት።

ወደ ነገራችን እንመለስ። የሃዋርድ የሕክምና ዲን ኑማ አዳምስ ይባሉ ነበር፤ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ናቸው። ዲን አዳምስ አንድ ነገር ገብቷቸዋል። በዚያ ዘመን አብዛኛው የአሜሪካ ጥቁር ሐኪም የሚወጣው ከሁለት ትምህርት ቤቶች ነበር፦ ከሃዋርድና ናሽቪል ካለው ሜሃሪ። ግን ሐኪም ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ሐኪም የሚያስተምር፣ ምርምር የሚሠራ፣ ስፔሻሊስት የሚያወጣ ሰው ማግኘት ደግሞ ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከዲግሪ በኋላ ለዓመታት በትልቅ ላብራቶሪ፣ በትልቅ ባለሙያ ሥር መሥራት አለበት። ያ ቦታ ደግሞ ለጥቁሮች ዝግ ነበር። ችሎታ ሳይጎድል ወረፋው ውስጥ ስማቸው አይገባም፤ ስማቸው ስለማይገባ ልምድ የላቸውም፤ ልምድ ስለሌላቸው እንደገና አይቀበሏቸውም። እንቆቅልሽ ነው።

አዳምስ እንቆቅልሹን በሁለት በኩል ሊፈቱት ሞከሩ። በአንድ በኩል የሮክፌለር ቤተሰብ ገንዘብ ካቋቋመው የትምህርት ቦርድ ድጋፍ እያገኙ፣ ተስፋ ያላቸውን ወጣት ሐኪሞች ወደ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ይልካሉ። በሌላ በኩል ኤድዋርድ ሃውስ የተባሉ ነጭ ቀዶ ሐኪም በ1936 ወደ ሃዋርድ መጥተው የቀዶ ሕክምናውን ክፍል ለአምስት ዓመት እንዲመሩና ተተኪ እንዲያዘጋጁ አደረጉ። የተመረጡት ተተኪ ድሩ ነበሩ። በ1938 የሮክፌለር ፌሎሺፕ አግኝተው ወደ ኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና ፕሬስቢቴሪያን ሆስፒታል ሄዱ። በዚያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመታቸው ነው። ኮሌጅ ከጨረሱ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏል።

ኮሎምቢያ ሲደርሱ ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ አልነበረም። የቀዶ ሕክምናው ኃላፊ አለን ዊፕል መጀመሪያ ያሰቡት ከታካሚ ጋር ሳይገናኙ ላብራቶሪ ውስጥ ብቻ እንዲሠሩ ነበር። ጆን ስከደር ከሚባሉ ተመራማሪ ጋር አገናኟቸው። ድሩ ላብራቶሪውን ያዙት፤ ቀስ በቀስም በችሎታቸውና በጠባያቸው ዊፕልን አሳምነው የሬዚደንትነቱንም ሥራ ጨምረው ሠሩ።

ሥራው ምን ነበር? ደም ከሰው ከወጣ በኋላ መበላሸት ይጀምራል። ቀይ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፣ በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ወደ ውጭው ፈሳሽ ይፈሳል፤ እንዲህ ያለ ደም ለታካሚ ሲሰጥ አደጋ አለው። ድሩና ስከደር ደሙ የሚቀመጥበትን ዕቃ፣ ቅዝቃዜውን፣ እንዳይረጋ የሚጨመረውን ነገር፣ የሚቆይበትን ቀን አንድ በአንድ እየለዋወጡ ለኩ። በኦገስት 1939 በፕሬስቢቴሪያን ሆስፒታል የሙከራ ደም ባንክ ከፈቱ። ድሩ በዓለም ላይ የተሠራውን ሁሉ ሰብስበው፣ የራሳቸውን ውጤት ጨምረው፣ ስለተከማቸ ደም አንድ ወፍራም የመመረቂያ ጽሑፍ አቀረቡ። በጁን 1940 ኮሎምቢያ በሕክምና ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ ሰጣቸው፤ ያንን ዲግሪ እዚያ ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆኑ። በዚያው ጊዜ ትዳርም ይዘዋል። በ1939 ሌኖር ሮቢንስ የተባሉ የስፔልማን ኮሌጅ መምህርት አገቡ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ቢቢ ብለው ጠሯት፤ ከእንግሊዝኛው የደም ባንክ መነሻ ፊደላት የተወሰደ ነው። ሥራቸው ቤታቸው ድረስ ገብቷል ማለት ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላስገባ። ከኮሌጅ እንደተመረቅኩ ላብራቶሪ ውስጥ ልምድ ፍለጋ ዞሬ ነበር። አንድ ቦታ ና ሥራ አሉኝ፣ ደመወዝ ግን የለውም። ማታ ማታ ፓርኪንግ ውስጥ እሠራለሁ፣ ለአገር ቤት ብር እልካለሁ፣ የቤት ኪራይ አለ። ቀን በነፃ ልሠራ ብል ማን ያበላኛል? ከእኛ መካከል ይኼን የማያውቅ ጥቂት ነው። ነፃ ሥራ የሚችለው አባቱ የሚከፍልለት ልጅ ብቻ ነው። በኋላ ደመወዝ ያለው የሁለት ዓመት ሥልጠና አገኘሁና ዛሬ ያለሁበት ደረስኩ። የድሩን ታሪክ ሳነብ ዓይኔ የሚያርፈው ለዚህ ነው። ከ1938 እስከ 1940 ያሉት ሁለት ዓመታት ደመወዝ ባይኖራቸው ኖሮ፣ ባለትዳሩ ሰው ሌላ ሥራ ይዘው ያ ጽሑፍ ሳይጻፍ ይቀር ነበር።

ያ ጽሑፍ ደግሞ በወራት ውስጥ ተፈለገ። ጀርመን እንግሊዝን ከአየር መደብደብ ስትጀምር፣ ቁስለኞችን የሚያድን ደም እዚያ አነሰ። የቀድሞው መምህራቸው ጆን ቢቲ በእንግሊዝ አየር ኃይል የደም አገልግሎቱን ይመሩ ነበርና ፊታቸውን ወደ አሜሪካ አዞሩ። በ1940 ኒውዮርክ ውስጥ ለእንግሊዝ ደም የመሰብሰብ ዘመቻ ተጀመረ፤ የሕክምና ኃላፊው ዶክተር ድሩ ሆኑ። የተላከው ሙሉ ደም ሳይሆን ፕላዝማ ነው፤ ሴሎቹ ከወጡ በኋላ የሚቀረው ቢጫ ፈሳሽ ማለት ነው። ፕላዝማ ከሙሉ ደም ይልቅ ብዙ ጊዜ ይቆያል፣ በዚያን ጊዜም እንደ ሙሉ ደም የዓይነት ማመሳከር ሳይደረግለት ይሰጥ ነበር፣ ደም ፈስሶት የደከመውን ሰው ቶሎ ይደግፈዋል። ችግሩ ግን ከብዙ ሆስፒታል የሚሰበሰብ ፕላዝማ በባክቴሪያ ይበከላል። ድሩ ለሁሉም ሆስፒታል አንድ ዓይነት አሠራር አወጡ፦ ሰጪው እንዴት እንደሚመረመር፣ ጠርሙሱ እንዴት እንደሚጸዳ፣ ፕላዝማው ከመላኩ በፊት ስንት ጊዜ እንደሚፈተሽ። ዘመቻው በጃንዋሪ 1941 ሲያበቃ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰዎች ደም ሰጥተው፣ ከ5,000 ሊትር በላይ ፕላዝማ ወደ እንግሊዝ ተልኳል። ከዚያ ቀጥሎ ለአሜሪካ ቀይ መስቀል የደረቅ ፕላዝማውን የሙከራ ሥራ መሩ፤ ደም መሰብሰቢያ መኪናዎችም በዚያን ጊዜ ሥራ ላይ ዋሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ያሳፍራል። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ የጥቁር ሰው ደም መጀመሪያ አይወሰድም ተባለ። ጩኸት ሲበዛ በ1942 መጀመሪያ ይወሰድ ተባለ፤ ግን ለብቻው ይቀመጣል፣ ለብቻው ይሰጣል። የደም ማከማቸቱን ሥራ ያደራጁት ሰው ራሳቸው ጥቁር ናቸው እኮ! ድሩ በዚህ ተቆጥተው ቀይ መስቀልን ለቀቁ የሚል ወሬ አለ፤ እውነቱ ግን ይኼ ትእዛዝ ከመውጣቱ በፊት በ1941 ጸደይ ወደ ሃዋርድ ተመልሰው ነበር። ዝም ግን አላሉም። ደም በዘር የሚለይበት ምንም ሳይንሳዊ ምክንያት እንደሌለ በአደባባይ ተናገሩ። ቀይ መስቀል ያንን መለያየት የተወው በ1950 ነው።

ሰው ሁሉ የሚያደንቃቸው በደም ባንኩ ነው። እሳቸው ግን የሕይወቴ ሥራ ብለው የያዙት ከ1941 በኋላ ያለውን ነው ብል አልተሳሳትኩም። በዝናቸው ጫፍ ላይ ኒውዮርክን ትተው ወደዚህ መጡ። የሃዋርድ ቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊና የፍሪድመንስ ሆስፒታል ዋና ቀዶ ሐኪም ሆኑ። የአሜሪካ ቀዶ ሕክምና ቦርድም በፈታኝነት መረጣቸው፤ ከጥቁሮች የመጀመሪያው ናቸው። ፍሪድመንስ እንግዲህ በ1975 የተከፈተው የአሁኑ የሃዋርድ ሆስፒታል አባት ነው፤ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ስታልፉ የምታዩት።

ዓላማቸው ግልጽ ነበር። ከማንም የማያንሱ ጥቁር ቀዶ ሐኪሞችን ማውጣት፤ እነሱም በየከተማው ሄደው ሌሎችን እንዲያሠለጥኑ። ሬዚደንቶቻቸውን ጠበቅ አድርገው ነበር የሚይዙት። ቀዶ ሕክምናውን ብቻ አይደለም የሚያስተምሩት፤ ላብራቶሪ እንዲገቡ፣ እንዲጽፉ፣ የቦርዱን ፈተና እንዲወስዱ ይገፏቸዋል። ለጥቁር ሐኪሞች በራቸውን የዘጉትን ማኅበራት ደግሞ በደብዳቤ ተሟገቱ። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር የዋሽንግተኑ ቅርንጫፍ ጥቁሮችን አይቀበልም ነበር፤ ድሩ ራሳቸው፣ ያ ሁሉ ዝና እያላቸው፣ አባል ሳይሆኑ ነው የሞቱት።

በ1948 መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ ሬዚደንቶቻቸው የቦርዱን ፈተና ወሰዱ። ሁሉም አለፉ። ማለፍ ብቻ አይደለም፤ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት የድሩ ልጆች ነበሩ። ከ1941 እስከ 1950 ባሉት ዓመታት በቦርዱ ከተመሰከረላቸው ጥቁር ቀዶ ሐኪሞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው። ቁጥራቸው ስምንት ነው። ስምንት ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከዜሮ ለሚነሣ ሰው ብዙ ነው። ከእሳቸው ሞት በኋላ ከተመሰከረላቸውም ሌሎች አሥራ አራት ሰዎች የሥልጠናቸውን ከፊል ያገኙት ከእሳቸው ነው።

ሞታቸው ድንገተኛ ነበር። በኤፕሪል 1950 ከሦስት ሐኪሞች ጋር በመኪና ወደ አላባማ፣ ቱስኪጊ ይሄዱ ነበር። እዚያ በየዓመቱ ለጥቁር ሐኪሞች የሚዘጋጅ የሕክምና ስብሰባ አለ፤ ድሩ እየሄዱ ያስተምሩበት ነበር። ሌሊቱን ሲነዱ አድረው፣ ኤፕሪል 1 ጠዋት ሰሜን ካሮላይና ውስጥ መሪ እንደያዙ እንቅልፍ ጣላቸው፤ መኪናው ተገለበጠ። ሆስፒታል ደርሰው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ገና አርባ ስድስት ዓመት አልሞላቸውም፤ ከባለቤታቸው ሌላ አራት ልጆች ትተዋል።

ስለ ሞታቸው የሚወራ አንድ ታሪክ አለ። ነጭ ሆስፒታል አልቀበልም ብሏቸው ደም አጥተው ሞቱ ይባላል። ብዙዎቻችን እንዲያ ነው የሰማነው። እውነት አይደለም። የወሰዷቸው ሆስፒታል ተቀብሏቸው ነጮቹ ሐኪሞች ሊያድኗቸው የሚችሉትን አድርገዋል፤ ጉዳቱ ግን የሚተርፉበት አልነበረም። አብረዋቸው የነበሩት ሐኪሞችም ይኼንኑ ነው የመሰከሩት። ወሬው ለምን ሥር እንደሰደደ ግን ይገባኛል። በዚያ ዘመን በዘሩ ምክንያት ከሆስፒታል በር የተመለሰ ጥቁር ብዙ ነበር፤ ሕዝቡ የብዙዎችን ሞት በአንድ ታላቅ ሰው ስም ተረከው።

በ1966 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በስማቸው አንድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሲመሠረት ከሐኪምነት በኋላ ለሚደረግ ሥልጠና የተቋቋመ መሆኑን ልብ በሉ። በጣም የሚስማማ መታሰቢያ ነው። በ1981 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ምስላቸውን በቴምብር ላይ አወጣ።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ከእኛ ልጆች መካከል በባዮሎጂና በኬሚስትሪ የሚመረቁ በየዓመቱ አሉ። ብዙዎቹ የቤተሰቡ የመጀመሪያ ተመራቂ ናቸው። ከዲግሪው በኋላ ምን እንደሚደረግ የሚነግራቸው ሰው በቤት የለም፤ እናትና አባት ወይ ሐኪም ወይ ነርስ ሁኚ ከማለት በቀር ተመራማሪ የሚባል ሥራ እንዳለ እንኳ ላያውቁ ይችላሉ። ከኮሌጅ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ደመወዝ እየተከፈላቸው ላብራቶሪ ውስጥ የሚያሠለጥኑ ፕሮግራሞች በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፍተው ያውቃሉ፤ እዚሁ አጠገባችን ቤተዝዳ ያሉት ብሔራዊ የጤና ተቋማትም ለአዲስ ተመራቂዎች እንዲህ ያለ ሥልጠና ሲሰጡ ኖረዋል። እነዚህ በጀት ሲቀነስ ቶሎ የሚነኩ ነገሮች ናቸው። ልጆቻችን ደግሞ መኖራቸውን የሚሰሙት ብዙ ጊዜ ማመልከቻው ከተዘጋ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ቀላል ነው። በዘንድሮው ስብሰባ ላይ ላብራቶሪ ያላችሁ፣ ሆስፒታል ውስጥ ምርምር የምትሠሩ፣ ጡረታ የወጣችሁም ብትሆኑ፣ ስማችሁንና ሙያችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ ስጡ። አንድ ተመራቂ ሲመጣ ማመልከቻውን የሚያይለት፣ ከአንድ ፕሮፌሰር ጋር የሚያገናኘው ሰው ከመካከላችን እንዲገኝ ነው። ገንዘብ ያላችሁ ደግሞ የአንድ ልጅ የጥቂት ወር የቤት ኪራይ ምን ያህል እንደሆነ አስቡት። ለአንድ ልጅ ላብራቶሪ መግባትና አለመግባት የሚወሰነው በዚያ ሊሆን ይችላል። በምሳ ሰዓት እኔም መመዝገቢያው ጠረጴዛ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ።